ዴሊጌት ያልገባችሁ… ደባርቅ ውጡ!

ኮሌጅ ሳለን አስተማሪያችን ሲ ሻርፕ ላይ ደረሰና «ዴሊጌት የሜተድን አድራሻ የሚይዝ ታይፕ ነው» ብሎ ሰሌዳው ላይ ጻፈ። እኛም ጻፍን፣ ሸመደድን፣ ፈተና ላይ ገልብጠን አለፍን። የገባው ሰው ነበር? ኧረ ወዲያ! ዛሬም ለሥራ የሚፈተኑ ልጆች ያችኑ ዓረፍተ ነገር ሲወጧት እሰማለሁ። «ለምን ያስፈልጋል?» ሲባሉ… ጸጥ።

ለእኔ የተገለጠልኝ ደባርቅ ላይ ነው። ከጎንደር ተነስታችሁ ዳባትን አልፋችሁ የምትገቡባት፣ የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጽሕፈት ቤት ያለባት ከተማ። በደህናው ጊዜ ቱሪስቱ መጥቶ ይመዘገባል፣ ይከፍላል። ከዚያ ጠመንጃ ያነገተው ስካውት፣ አስጎብኚው፣ በቅሎ ጫኙ ይንቀሳቀሳሉ።

እስቲ መዝጋቢውን አስቡት። በቅሎዋ የማን እንደሆነች፣ እንዴት እንደምትጫን ማወቅ አለበት እንዴ? የለበትም! «እንግዳ መጥቷል» ይላል፣ አለቀ። ኢቨንት ማለት ይኼ ነው። ዴሊጌት ደግሞ ተራው ውስጥ ለመግባት የሚጠየቀው መስፈርት ነው፤ የቀኑን ብዛትና የጭነቱን ልክ ተቀብሎ መሄድ የሚችል ሁሉ ይግባ። የዳባት ሰው ነገ በቅሎ ገዝቶ ቢመጣ ስሙን ያስመዘግባል እንጂ መዝጋቢው አሠራሩን አይቀይርም። ያቺ የምትፈሯት += ሥራዋ ስም ማስመዝገብ ብቻ ነው።

(ምሳሌዬ አንድ ቦታ ላይ ያነክሳል። በቅሎ የሚጭነው ተረኛው ብቻ ነው፤ ሲ ሻርፕ ግን የተመዘገበውን ሁሉ በቅደም ተከተል ይጠራል። አንዱ ኤክሰፕሽን ከወረወረና የያዘው ከሌለ ከኋላው ያሉት ጭራሽ አይጠሩም።)

ስለዚህ መምህራን፣ እባካችሁ ከትርጉሙ አትጀምሩ! መጀመሪያ መዝጋቢው ሁሉንም በየስሙ እየጠራ የሚሠራበትን ፕሮግራም አጽፉን። አዲስ ሰው በመጣ ቁጥር ኮዱን ስንቀዳድ እንሰላች። ያኔ ዴሊጌትን ራሳችን እንጠይቃችኋለን።

ደግሞ መውጫውንም አሳዩን። በ2013 ዓ.ም. ጦርነት ሲነሳ የሰሜን ተራሮች እንግዳ ጠፋ። አንድ በቅሎ ጫኝ በቅሎውን ሸጦ ጎንደር ሌላ ሥራ ጀመረ እንበል። ስሙ ግን ከመዝገብ አልተሰረዘም። ኮድ ውስጥ እንዲህ ያለው ኦብጀክት አይሞትም። ኢቨንቱን የያዘው ክፍል እስካለ ድረስ ስሙን ጨብጦ ይይዘዋል፣ ጋርቤጅ ኮሌክተሩም አይነካውም። እንዲህ ያሉት ሲጠራቀሙ ጠዋት እንደ ዋልያ ሲዘል የነበረው ፕሮግራማችሁ ማታ ላይ ይንፏቀቃል፤ እናንተም ጥፋቱን ኮምፒውተሩ ላይ ትለጥፋላችሁ።

በዚያ በሸመደድናት ዓረፍተ ነገር ውስጥ ስለ -= አንድም ቃል አልነበረም።