«ብዙ ያልተነዳ» ርካሽ ነው ያለው ማነው?

ደባርቅ ላይ የሚሸጥ አሮጌ ላንድክሩዘር ካያችሁ ማስታወቂያው ሁለት ነገር አይረሳም፤ «ብዙ ያልተነዳ» እና «ሞተሩ ያልወረደ»። እውነትም ሊሆን ይችላል። ቱሪስት ወደ ሰሜን ተራሮች ፓርክ ያመላልሱ የነበሩ መኪኖች በ2012 ኮሮና፣ በ2013 ጦርነቱ፣ ከ2015 ማብቂያ ጀምሮ ደግሞ የክልሉ ግጭት ሥራ አሳጥቷቸዋል። ገንዘብ አዋጥተው አንዱን ለመግዛት የሚያስቡ ጓደኞች አሉኝ። ሂሳባቸው ቀላል ነው፦ ያልሠራ ሞተር አላለቀም። እኔ በዚህ ሂሳብ አልስማማም።

ጥያቄውን ቀድመው የመለሱት የመኪና ሰዎች ሳይሆኑ ትንንሽ አውሮፕላን ያላቸው ናቸው። አሮጌ ሴስና ገዝቶ በዓመት 20 ሰዓት ብቻ የሚያበር ሰው አስቡ። ሞተሩን የሚሠራው ላይኮሚንግ ለብዙዎቹ ሞተሮቹ ያወጣው የሙሉ እድሳት ገደብ 2,000 ሰዓት ገደማ ነው፤ ሰዓቱ ባይሞላም ግን በ12ኛው ዓመት ይታደስ ይላል። በሰዓት ከቆጠርን ሰውዬው 100 ዓመት አለው። በቀን መቁጠሪያ 12 ብቻ! አሜሪካ ውስጥ ለግል ባለቤት ይሄ ምክር እንጂ ግዴታ አይደለም፤ የሚከራከሩበትም ብዙ ናቸው። ምክንያቱ ግን የሚናቅ አይደለም።

ነዳጅ ሲቃጠል ከሚወጡት ነገሮች አንዱ ውኃ ነው። ከፊሉ በፒስተን ፋሻ በኩል ሾልኮ ዘይቱ ውስጥ ይገባል። ሞተሩ ረዘም ላለ ጊዜ ከሠራ ዘይቱ ይግልና ውኃው ተንኖ ይወጣል። ከቆመ ግን እርጥበቱ እዚያው ይቀራል፣ ዘይቱ ቀስ በቀስ አሲድ ያበጃል፣ ብረቱን የሸፈነው ዘይትም ተንጠፍጥፎ ይወርድና ዝገት ይጀምራል። እንደ ደባርቅ ሌሊቱ በሚበርድበት፣ ቀኑ ፀሐይ በሆነበት፣ ክረምቱ በሚከብድበት ደጋ መኪና ማቆም ምን ማለት እንደሆነ ገምቱ።

እዚህ ላይ ነው የምንሳሳተው፦ «በየእሁዱ አምስት ደቂቃ እያስነሳሁት ነው» የሚል ባለቤት ሞተሩን እየጠበቀ ይመስለዋል። አምስት ደቂቃ ውኃ ለመጨመር ይበቃል፣ ውኃውን ለማትነን ግን አይበቃም። ወይ አውጥቶ በደንብ መንዳት ነው፣ ወይ ጨርሶ አለማስነሳት።

በርግጥ መኪና አውሮፕላን አይደለም፤ ሞተሩ ቢጠፋ ዳር ይዞ ይቆማል። ግን ሊማሊሞን ስትወርዱ ፍሬን ብቻ አይደለም የሚይዛችሁ፣ ማርሽና ሞተሩም ነው። ቁልቁለቱ መሀል ሞተር ሲጠፋ ፍሬኑም መሪውም ይከብዳል።

በአገር ደረጃም ያው ነው። የምሥራቅ አፍሪካ የበረሃ አንበጣ መቆጣጠሪያ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1962 የተቋቋመው አባል አገራት እያዋጡ ፀረ አንበጣ አውሮፕላን ዝግጁ እንዲያደርጉ ነበር። አንበጣ ግን በየዓመቱ አይመጣም። በማይመጣበት ዓመት የቆመ አውሮፕላን ብክነት ይመስላል፣ መዋጮም ይዘገያል። በ2012 እና በ2013 ኢትዮጵያ በ25 ዓመት ውስጥ ያላየችው መንጋ ሲመጣ አውሮፕላን ጠፍቶ ከውጭ መከራየት ግድ ሆነ፤ የወሎ ገበሬ ደግሞ በጅራፍና በጩኸት አንበጣ ሲያባርር ከረመ። ለእኔ ትልቁ ጥፋት በአውሮፕላኑ ማርጀት አይደለም፤ በሰላሙ ዘመን የእድሳቱ ገንዘብ አለመቀመጡ ነው።

ወደ ጓደኞቼ ልመለስ። ለምሳሌ ሞተሩን አውርዶ ማሠራት 360,000 ብር ይፈጃል፣ በአምስት ዓመት ውስጥም አይቀርም እንበል። በወር 6,000 ብር ማስቀመጥ አለባችሁ፣ መኪናው ቢሄድም ባይሄድም። በወር 20 ጉዞ ካለ በጉዞ 300 ብር ነው። ሁለት ጉዞ ብቻ ካለ 3,000! የትኛው ቱሪስት ነው ይሄን የሚከፍለው? መኪናው ባነሰ ቁጥር በሠራ፣ እያንዳንዱ ጉዞ ይወደዳል።

ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት የራሳችሁን መካኒክ ይዛችሁ ሂዱ። የሻጩን አይደለም። ዘይቱ መቼ እንደተቀየረ ጠይቁ፣ ኮምፕሬሽኑን አስለኩ፣ ነዳጅ ታንኩ ውስጥ ውኃ መኖሩን አሳዩ። ዋጋ ስትከራከሩ ደግሞ ሞተሩ ሊወርድ እንደሆነ አድርጋችሁ ቀንሱ። ሻጩ «ኧረ ብዙ አልተነዳም እኮ!» ማለቱ አይቀርም። ስንት ዓመት እንደቆመ ጠይቁት።