ትሮን ፈጣን፣ ኢቴሪየም ጠንካራ፤ ደሞዛችንን ግን ማን ይጠብቀው?

እህቶች፣ ዓርብ ዓርብ ስንገናኝ አንድ ጥያቄ እየተደጋገመ ነው። «ለቤተሰብ በዩኤስዲቲ ልልክ ነው፤ በትሮን ይሻላል በኢቴሪየም?» ዩኤስዲቲ ዋጋው ከዶላር ጋር እኩል እንዲሆን የተሠራ ዲጂታል ገንዘብ ነው። ትሮንና ኢቴሪየም ደግሞ የሚሄድባቸው ሁለት መንገዶች፣ ማለትም ብሎክቼይኖች ናቸው።

በፍጥነት ትሮን ይበልጣል። በየ3 ሰከንዱ አዲስ መዝገብ ይዘጋል፤ ኢቴሪየም በየ12 ሰከንዱ። ዝውውሩ ሙሉ በሙሉ እስኪጸና ትሮን ላይ ወደ 1 ደቂቃ፣ ኢቴሪየም ላይ ወደ 13 ደቂቃ ይወስዳል። ትሮን የፈጠነው ግን በነጻ አይደለም፤ መዝገቡን የሚጽፉት በድምፅ የተመረጡ 27 ብቻ ናቸው። የኢቴሪየምን ብዙ ሺህ ኮምፒውተሮች በዓለም ዙሪያ ይጠብቁታል። ጥቂት ሰዎች ተመካክረው ሊያበላሹት ይከብዳል።

ክፍያውስ? በሁለቱም ላይ በምትልኪው መጠን አይሰላም። 100 ዶላርም 10,000 ዶላርም ላኪ፣ ያው ነው። ስለዚህ የሚከብደው በእኛ በትንንሾቹ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 ኢቴሪየም ሲጨናነቅ አንድ ዝውውር አስር ዶላርና ከዚያም በላይ የጠየቀበት ጊዜ ነበር። ከ100 ዲናር፣ ማለትም ከ141 ዶላር ላይ ይሄ ቀላል አይደለም።

ታዲያ ትሮን አሸነፈ? በመንገዱ፣ አዎ። እኔ ግን ክርክሩ ቦታውን ስቷል እላለሁ። ብሎክቼይን የሚመዘግበው መሃሉን ብቻ ነው። እዚህ አማን ለደላላው በእጅሽ የሰጠሽው ዲናር አይመዘገብም፤ አዲስ አበባ ወይም ደሴ ለእናትሽ የሚሰጠው ብርም አይመዘገብም። ገንዘባችን የሚጠፋው በነዚህ ሁለት ጫፎች ነው፤ እዚያ ደግሞ ትሮንም ኢቴሪየምም አያድኑሽም። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክም እ.ኤ.አ. በ2022 በክሪፕቶ መገበያየት ሕጋዊ እንዳልሆነ አስታውቋል። ብትጭበረበሪ ለማን ትከሻለሽ?

ስለዚህ የኔ ምክር ፈቃድ ባለው ሐዋላ ቤት መላክ ነው። ክፍያው ቢበልጥም በስምሽ ደረሰኝ አለሽ፣ ስህተት ቢኖር የምትጠይቂው ሰው አለ።

በክሪፕቶ ካልሆነ የምትይ ደግሞ ቢያንስ ይሄን አድርጊ። ተቀባዩን የመንገዱን ስም አስጽፊ። የትሮን አድራሻ በ«ቲ» ፊደል ይጀምራል። በዜሮና በ«ኤክስ» የሚጀምረውን ግን ከኢቴሪየም ሌላ መንገዶችም ስለሚጠቀሙበት በአድራሻው ብቻ አትተማመኚ። መጀመሪያ 5 ዶላር ላኪ፤ መድረሱን በስልክ አረጋግጪ፤ ከዚያ ቀሪውን። የዝውውሩን ቁጥር ፎቶ አንሺ። የይለፍ ቃላቶችሽን ለደላላም ለጓደኛም አትስጪ።

የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም፤ በብሎክቼይን የሄደ ገንዘብም እንዲሁ ነው። የወር ልፋታችንን በ3 ሰከንድ ከመላክ በፊት ለማን እንደምንሰጠው 3 ቀን ብናስብ ይሻላል።