ስለ ተወዛዋዡ ዋጋ

በቦሌ መንገድ ዳር የወሎን ስም የያዘ ወሎ ሰፈር የሚባል መንደር አለ። በዚያ አካባቢ ባሉት የባህል ምሽት ቤቶች እስክስታ ይወረዳል። ይኸው እስክስታ አንዳንድ ጊዜ ወደ ሆቴል አዳራሽ ይጠራና ለሕሙማን፣ ለአረጋውያንና ወላጅ ለሌላቸው ሕፃናት ገንዘብ ይሰበሰብበታል። መሰብሰቡን የሚነቅፍ ሰው አይገኝም። ክርክሬ ስለ አሰባሰቡ ነው።

ነገሩን ከወሎ ከራሷ መጀመር ይሻላል። ከአራቱ የዜማ ቅኝቶቻችን ሁለቱ፣ አምባሰልና ባቲ፣ የተጠሩት በወሎ አገሮች ስም ነው። ይህን ያህል ዜማ ለአገር ያበደረች ወሎ በ1977 ዓ.ም. በተራበች ጊዜ ግን፣ የእርዳታ ገንዘብ በዓለም ላይ የተለመነላት በሌላ ሕዝብ ዘፈን ነበር። በዚያን ጊዜ በወሎ ክፍለ ሀገር ሥር የነበረችው የቆረም ሰቆቃ ጥቅምት 13 ቀን በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ታየ፤ በኅዳር ወር ቦብ ጌልዶፍና ባልንጀሮቹ ያዘጋጁት ዘፈን ወጣ፤ ሐምሌ 6 ቀንም በሎንዶንና በፊላደልፊያ ታላቁ የሙዚቃ ትርኢት ተደረገ። በተገኘው ገንዘብ የዳነ ሰው አለና ውለታውን መካድ ነውር ነው። ነገር ግን የዘፈኑ ርእስ የተራቡት ሰዎች የገና በዓል መድረሱን ያውቁ እንደ ሆነ ይጠይቅ ነበር። ጥያቄው የቀረበው ክርስትናን ከአራተኛው መቶ ዓመት ጀምሮ ለተቀበለ አገር ነው! እስላምና ክርስቲያን በአንድ ቤት ተዋልደው በሚኖሩባት በወሎማ የባሰ እንግዳ ጥያቄ ነበር። በሁለቱም ከተሞች መድረክ ላይ ከተራበው አገር የወጣ አንድ ዘፋኝ አልቆመም። ሕዝብ ለሕዝብ የተባለው የእኛ የኪነት ጓድ ባሕር የተሻገረው በ1980 ዓ.ም. ሲሆን፣ ይኸውም ለእርዳታው ምስጋና ለማቅረብ ነበር።

ይህን ያነሣሁት ባዕድን ለመውቀስ አይደለም። ዛሬ እኛው በገዛ አዳራሻችን ተመሳሳዩን ስለምንሠራ ነው እንጂ። ችግረኛው በፎቶግራፍ ላይ እንዲያለቅስ ይደረጋል፤ ተወዛዋዡም «ለበጎ ሥራ ነውና በነጻ ጨፍር» ይባላል። የአዳራሹ ኪራይ ይከፈላል፤ የድምፅ ማጉያው ይከፈላል፤ የእራቱ ዋጋ ይከፈላል። ለትከሻው ብቻ ሒሳብ የለውም። ወዛደሩ ተወዛዋዥ የቤት ኪራይ የሌለበት ይመስል!

«ለተወዛዋዡ ከተከፈለ ለችግረኛው የሚደርሰው ያንሳል» የሚል መልስ ይሰጣል። ይህ እውነት ከሆነ፣ ከሁሉ የበለጠ የሰጠው ተወዛዋዡ ነውና ስሙ ከለጋሾቹ መዝገብ ላይ ከነገንዘቡ ልክ መጻፍ ነበረበት። በፈቃዱ የሚሰጥ ይስጥ፤ ነገር ግን አስቀድሞ ዋጋው ይነገረው፣ ደረሰኝም ይቆረጥለት። በዚህ ነገር አዝማሪ ይሻላል፤ ብሩ በግንባሩ ላይ ስለሚለጠፍለት ማን ምን ያህል እንደ ሰጠ ቤቱ ሁሉ ያየዋል።

ሌላ መንገድ እንዳለም አዲስ አበባ ራሷ አይታለች። በ1980ዎቹ መጨረሻ ሮይስተን ማልዱም የተባለ እንግሊዛዊ የውዝዋዜ መምህር የከተማይቱን የጎዳና ልጆች ሰብስቦ አሠለጠነ፤ ካርሚና ቡራና የተባለውንም ድርሰት በመድረክ ላይ አሳዩ። ከዚያ ሥራ አዱኛ የተባለው የውዝዋዜ ቡድን ተወለደ፤ ቆይቶም አካል ጉዳተኞችን በተወዛዋዥነት ጨመረ። ከቡድኑ የወጡት ጁነይድ ጀማልና አዲሱ ደምሴም የራሳቸውን የውዝዋዜ ቡድን አቋቋሙ። እነዚህን ልጆች ሌላ ሰው ጨፍሮ ምጽዋት ቢለምንላቸው ኖሮ፣ የሚያገኙት የአንድ ሰሞን ምሳ ነበር። አሁን ግን ሙያ አላቸው፤ መድረኩም የእነርሱ ነው።

ስለዚህ የባህል መሥሪያ ቤቶችና የበጎ አድራጎት ማኅበራት አንድ ደንብ ያውጡ። የእርዳታ ትርኢት በሚደረግበት አዳራሽ በር ላይ የመግቢያው ዋጋ ሲለጠፍ፣ ለተወዛዋዦቹና ለሙዚቀኞቹ የተከፈለው ገንዘብ አብሮ ይለጠፍ። ትርኢቱ ባለቀ በወሩም የገባውና የወጣው ሒሳብ በዚያው በር ላይ ይውጣ፤ ደንቡም በቅድሚያ በቦሌና በወሎ ሰፈር አዳራሾች ይፈተን።