ለደባርቅ አየር የሚስማማ ቴስታታ

ደባርቅና ዳባት ላይ የሚሠሩ አሮጌ ሞተር ሳይክሎች ዳገት ሲይዙ ለምን እንደሚደክሙ ሲጠየቅ ብዙ ጊዜ ወቀሳው በፋሻው ወይም በዘይቱ ላይ ያርፋል። ከፋሻው በፊት ግን አየሩን ማየት ይገባል። በተለይ መካኒኮቻችን ቱ ስትሮክ በሚሉት፣ ዘይት ከቤንዚን ጋር በሚያቃጥለው ሞተር ላይ።

ደባርቅ ከባሕር ወለል 2,800 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ ነው የተቆረቆረችው። በዚህ ከፍታ ሲሊንደሩ የሚስበው አየር ክብደት ባሕር ዳርቻ ላይ ከሚስበው በሩብ ያህል ያንሳል። 1 ኪሎ ቤንዚን ተሟልቶ ለመቃጠል 14.7 ኪሎ ያህል አየር ይፈልጋል፤ ለቆላ የተስተካከለ ካርቡራተር ግን አየሩ በሳሳ መጠን ቤንዚኑን አይቀንስም። ካንዴላውን ፈትቶ ማየት ነው፤ ጫፉ የተቆላ ቡና መምሰል ሲገባው ጥላሸት ለብሶ ይወጣል።

የካርቡራተሩን ቤንዚን የሚያሳልፍ ቀዳዳ በጠበበ መቀየር ጭሱን ይቀንሳል። የጠፋውን ጉልበት ግን ሁሉንም አይመልስም። ቀሪው ሥራ ያለው ፒስተኑ ጫፍ ሲደርስ ከበላዩ በሚቀረው የቃጠሎ ክፍል ውስጥ ነው። ይህ ክፍል ቆላ ላይ ከልክ በላይ ቢጠብብ ድብልቁ በራሱ ይፈነዳና ፒስተኑን ይበሳዋል። ደጋ ላይ የሚታመቀው አየር ስስ ስለሆነ ሞተሩ ጥበቱን ይችለዋል። የጎደለው አየር አይመጣም፤ ያለው ግን በሚገባ ይሠራል።

ክፍሉ የተቀረጸው ሲሊንደሩን ከላይ በሚከድነው ቴስታታ ላይ ነው። የቱ ስትሮክ ቴስታታ ደግሞ ቫልቭ የለው፣ የቫልቭ ዘንግ የለው፤ የማቀዝቀዣ ክንፎች፣ የካንዴላ ቀዳዳና በልክ የተጎደጎደ ሆድ ብቻ ነው። የባሕር ዛፍ መቁረጫው ባለሞተር መጋዝ ሲሊንደሩ ከነቴስታታው አንድ ወጥ ስለሆነ ለጀማሪ አይሆንም። የሞተር ሳይክሉና የቀድሞው ባጃጅ ቴስታታ ግን ተፈትቶ ይወጣል። ማቅለጥ ለሚማር ወጣት ከዚህ የተሻለ መነሻ አላውቅም።

አሮጌ አሉሚኒየም አቅልጠው ድስት የሚያወጡ ባለሙያዎች አሉን። ለቴስታታ ግን የኤሌክትሪክ ሽቦ አይሆንም፤ ልል ነው፣ ሲረጋም ይሰነጠቃል። የተጣለ ፒስተን ይሻላል፤ ሲሊከን ስላለበት ቀልጦ በደንብ ይፈሳል፣ ሲግልም ብዙ አይለጠጥም። የቅርጹ አሸዋ በጥቂት ሸክላ አፈርና ውሃ ይታሻል፤ ጨብጠው ለሁለት ሲሰብሩት ሳይፈረፈር ከተቆረጠ ደርሷል። ከዚያ ያለፈ እርጥበት ጠላት ነው። ቅላጩ ውስጥ የገባ እርጥብ ቁራጭ ፈንድቶ ሰው ያቃጥላል፤ ከውሃው የሚወጣው ሃይድሮጅንም አሉሚኒየሙን በጥቃቅን ቀዳዳ ይሞላዋል። ስለዚህ እያንዳንዱ ቁራጭ አስቀድሞ እሳት ዳር ይደርቃል።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ለደጋ የተሠራ ቴስታታ የሊማሊሞን ጠመዝማዛ ወርዶ ዛሪማ ሲገባ ወፍራም አየር ያገኛል። እዚያ የቤንዚኑ ቀዳዳ ካልሰፋ፣ ቴስታታውም ካልተቀየረ ፒስተኑ ይጎዳል። ቆላና ደጋ የሚመላለስ ሰው የፋብሪካውን ይያዝ።

ማቅለጥ ለእኛ አዲስ አይደለም። በዚሁ በስሜን፣ ደረስጌ ማርያም ላይ በ1847 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑት ዐፄ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ ያስቀለጡት ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ ዛሬም መቅደላ ላይ አለ፤ 7 ቶን ገደማ ይመዝናል። የጋፋት ምድጃ ግን ተተኪ ሳያገኝ ጠፋ። ብረት የሚያቀልጠውን እጅ ስንሰድብ ኖረናል፤ ዐፄ ምኒልክ ባለሙያን መስደብ በአዋጅ የከለከሉት በ1900 ዓ.ም. ነበር። ስድቡ ቢቀንስም አቅላጩና መካኒኩ አሁንም አንድ ጠረጴዛ ላይ አልተገናኙም።

ሊያገናኟቸው የሚገባቸው ደባርቅ ዩኒቨርሲቲና የአካባቢው የቴክኒክና ሙያ ተቋማት ናቸው። ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። አንድ ሞተር ሳይክል፣ አንድ የታወቀ ዳገት፣ የፋብሪካው ቴስታታና እኛ ያቀለጥነው ይበቃሉ። ሁለቱንም በየተራ ገጥሞ የፈጀውን ቤንዚንና ዳገቱን የወጣበትን ደቂቃ መመዝገብ፣ ከዚያም መዝገቡን በየጋራዡ ማዳረስ ነው። በሌላ አገር አየር የተሠራ መለኪያ ይዘን ሞተራችንን ከምንወቅስ በራሳችን አየር ላይ የተለካ ቁጥር ይኑረን።