አምቡላንሱ ደርሷል፤ የቱን በር ያንኳኳ?

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ይላል ያገራችን ሰው፤ ጊዜው ያለፈበት እርዳታ ከንቱ መሆኑን ሲናገር። በኦስሎ የምንኖር ኢትዮጵያውያን ይህ ተረት በቤታችን እንዳይፈጸም ልናደርገው የሚገባንን ቀላል ሥራ ችላ ብለነዋል። ይኸውም በደወልና በፖስታ ሳጥን ላይ ስማችንን መጻፍ፣ የምንኖርበትንም ቤት ቁጥር በቃል ማወቅ ነው።

እንደሚታወቀው በአዲስ አበባ ቤት የሚፈለገው በምልክት ነው። «ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ፣ ከወፍጮ ቤቱ ፊት ለፊት» ይባላል። ቁጥር ያልወጣለት ቤትማ «የቤት ቁጥር አዲስ» ተብሎ ተመዝግቦ፣ ጣሪያው እስኪዝግ ድረስ «አዲስ» እንደተባለ ይኖራል። ቢሆንም ጎረቤት ስለሚተዋወቅ የሰፈር ልጅ ሮጦ ያሳያል። እዚህ ግን የሚሮጥ ልጅ የለም።

በኦስሎ የሕንፃው ቁጥር ውጭ ተለጥፎ ይታያል። ችግሩ የሚጀምረው ከዋናው በር ላይ ነው። ደወሉ የሚደወለው በስም ነው። ከመካከላችን ብዙው ክፍል ተከራይቶ ወይም ከወዳጅ ተጠግቶ ስለሚኖር፣ ደወሉ ላይ ያለው የአከራዩ ወይም ከዓመታት በፊት የለቀቀው ሰው ስም ነው። 113 ደውለን የራሳችንን ስም ብንናገር አምቡላንሱ ያንን ስም ከየት ያገኘዋል?

ሌላው ወጥመድ የፎቅ አቆጣጠር ነው። እኛ ምድር ቤትን ሳንቆጥር ቀጥሎ ያለውን አንደኛ ፎቅ እንላለን። ኖርዌጂያኖች ግን ምድር ቤቱን አንድ ብለው ይጀምራሉ። በእኛ አቆጣጠር «ሁለተኛ ፎቅ» ስንል እርዳታ ሰጪው አንድ ፎቅ ዝቅ ብሎ የሌላ ሰው በር ያንኳኳል። ለዚህ መድኃኒቱ «ቡሊግኑመር» የሚባለው የመኖሪያ ቁጥር ነው። ለምሳሌ «ሆ 0302» ቢል፣ «ሆ» ዋናውን ፎቅ፣ 03 ሦስተኛውን ደረጃ፣ 02 ደግሞ ከግራ ሲቆጠር ሁለተኛውን ቤት ያመለክታል።

«ስልኬ ያለሁበትን ያሳያል» የሚሉ አሉ። «የልፕ 113» የተባለውን የስልክ መተግበሪያ መጫን በእርግጥ ይጠቅማል። ነገር ግን ሕንፃውን እንጂ የትኛው በር እንደሆነ አይናገርም። ልቡ ቀጥ ላለና ደረቱን የሚጫንለት ላላገኘ ሰው ደግሞ እያንዳንዱ ደቂቃ የመትረፍ ዕድሉን ከ7 እስከ 10 በመቶ ያህል ይቀንሰዋል። ደረጃ ለደረጃ ሲፈለግ የሚያልፈው ጊዜ ከዚያው ላይ የሚቆረጥ ነው።

ስማችንን በር ላይ ለመጻፍ የምናመነታበት ምክንያት አይጠፋንም። ወላጆቻችን በ1969 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ቤት ለቤት የተደረገውን አሰሳ አይተዋል፤ ለነሱ በር ማንኳኳት የሞት ድምፅ ነበር። ስደተኛም ስሙን መደበቅ ይለምድበታል። ዛሬ በሌሊት ደወላችንን የሚፈልገው ግን ቃሬዛ ተሸክሞ የመጣ ሰው ነው። በዛቻ ምክንያት አድራሻው በሕግ የተጠበቀለት ወገን ስሙን እንዲለጥፍ አንጠይቅም፤ እርሱ ቁጥሩን በቃሉ ይያዝ።

ስለዚህ ወገን፣ ዛሬ ቤትህ ስትገባ ደወሉን ተመልከት። ስምህ ከሌለ አከራይህን ጠይቅ። የመኖሪያ ቁጥሩን በበርህ አጠገብ ፈልግ፤ ካጣኸው ኮሙኔውን ጠይቅ። ቤት የቀየርክ እንደሆነ በ8 ቀን ውስጥ ለሕዝብ መዝገብ አስታውቅ። የመንገዱን ስም፣ የሕንፃውንና የመኖሪያውን ቁጥር በትልቁ ጽፈህ ማቀዝቀዣው ላይ ለጥፍ፤ ልጆችና ከአገር ቤት የመጡ እናት አባትም አንብበው መናገር ይችሉ ዘንድ በአማርኛ ፊደልም ጻፈው። ስትደውል አድራሻውን አስቀድም፤ ሰው ካለ ወደ ታች ወርዶ በሩን ከፍቶ ይጠብቅ።

የማኅበራችን መሪዎችም በየስብሰባው መጨረሻ አምስት ደቂቃ ለዚህ ቢሰጡ፣ ለለቅሶ ከምናዋጣው ገንዘብ በፊት ሕይወት ልናዋጣ እንችላለን።