የብዕር ላብ ዋጋ

«እውነተኛ ደራሲ ለገንዘብ አይጽፍም» የሚሉ ወገኖች ዛሬም አልጠፉም። ወረቀት ሻጩ፣ አታሚውና አዟሪው ድርሻቸውን ሲወስዱ ግን ይህን ስብከት አያነሡባቸውም። ሸማኔው ለጋቢው ዋጋ ቢጠይቅ ጥበቡ ረከሰ የሚል ማን አለ?

በኢንተርኔት ጽፎ ከማስታወቂያ ገቢ ለማደር የሚጥረው ብዕረኛ ዕጣም ከዚህ አይሻልም። ክፍያው የሚሰላው በሥራው ጥራት ሳይሆን በተመልካቹ ብዛት ነው። ስለዚህም ወር ሙሉ የተደከመበት ጥናት ሳንቲም ሲያጣ፣ የሌላውን ገልብጦ አስደንጋጭ ርእስ የሰጠው ይጠግባል። በ1967 ዓ.ም. ከመሬት ላይ የተሻረው ጭሰኝነት በብዕር ማሳ ላይ ሊተከል አይገባም!

አዋጅ ቁጥር 410/1996 የደራሲውን የኢኮኖሚና የሞራል መብት ደንግጓል፤ የኢኮኖሚ መብቱም በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት የተጠበቀ ነው። ዳሩ ግን አዋጅ ብቻውን እንጀራ አይሆንም። መምህሩ ሙሉ መጽሐፍ ያለ ፈቃድ ከማባዛት ይቆጠብ። የባህል ኃላፊው ለበዓል ግጥም ሲያዝ «ለአገር ነው» ብሎ በጭብጨባ ከመሸኘት ይልቅ ክፍያውን አስቀድሞ ይመድብ። ጸሐፊውም ከባልደረባው ሥራ ሲወስድ ስሙን ይጥራ።

ብዕርን የሚያከብር ኅብረተሰብ ብዕረኛውን አያስርብም።