ለመለዋወጫ እንጂ ለምርመራ አንከፍልም

«መኪናዬ አልነሳ አለችኝ።» «ሞተሪኖው ነው፤ መቀየር አለበት።» በየጋራዡ በየቀኑ የሚሰማ ምልልስ ነው። «ቁልፉን ስታዞር ምን ዓይነት ድምፅ አሰማች?» ብሎ የሚጠይቅ መካኒክ ግን ጥቂት ነው።

ድምፁ እኮ የምርመራው ግማሽ ነው! ቁልፉ ሲዞር «ቀጭ ቀጭ ቀጭ» ብሎ የዳሽቦርዱ መብራት ከደበዘዘ፣ አብዛኛውን ጊዜ ባትሪው ደክሟል ወይም ገመዱ ላልቷል፣ ዝጓል። መብራቱ ሳይደበዝዝ አንዴ ብቻ «ቀጭ» ብሎ ጸጥ ካለ ጥርጣሬው ወደ ሞተሪኖው ይዞራል። ሞተሪኖው ለብቻው እየዞረ ሞተሩ ካልዞረ ጥርሱ አልነከሰም ማለት ነው። ብረት ከብረት ሲፋጭ ከተሰማ ደግሞ ደጋግሞ መሞከር ጥርሱን መጨረስ ነው።

የላላ ገመድ አጽድቶ ማጥበቅ የደቂቃዎች ሥራ ነው። ሞተሪኖ መቀየር ግን የወር አስቤዛ ይበላል። በሁለቱ «ቀጭ»ዎች መካከል ያለው ልዩነት ይህን ያህል ነው።

ታዲያ ጥፋተኛው መካኒኩ ብቻ ነው? አይመስለኝም። ግማሽ ሰዓት ሲለካ ቆይቶ «ገመዱ ላልቶ ነው» ቢለን፣ «ምን ሠራህና ነው የምከፍልህ?» እንለዋለን። አዲስ ሞተሪኖ ገጥሞ አሮጌውን ሲያሳየን ግን ሳንከራከር እንከፍላለን። እውነት መናገር በማያበላበት ገበያ ማን እውነት ይናገራል?

ይህ ልማድ ዛሬ ከበፊቱ ይበልጥ ያስከፍላል። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት የነዳጅ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክሏል። በዚያው ዓመት ሐምሌ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ደግሞ ብር ብዙ ዋጋ አጥቷል። ያሉን ቪትዞችና ኮሮላዎች ገና ለዓመታት ያገለግሉናል፤ መለዋወጫቸው የሚመጣው ግን በዶላር ነው። በመኪናው ለሚያድር ሹፌር ያለ ምርመራ የተቀየረ ዕቃ ከልጆቹ ጉሮሮ የተነጠቀ ነው።

«ልምድ ያለው መካኒክ በጆሮው ያውቃል» የሚሉ አሉ። ልክ ናቸው፣ ግን መጀመሪያ ድምፁን መስማት አለበት። ጋራዥ ስትደርስ ደግሞ መኪናዋ ምንም እንዳልሆነች ትነሳለች። ስለዚህ ድምፁን በስልካችሁ ቅዱት። ዕቃ ከመቀየሩ በፊት ባትሪው ይለካ በሉ። ያደረ ጤነኛ ባትሪ 12.6 ቮልት ገደማ ያሳያል፤ ይህ ብቻውን ግን አይበቃም፣ ሞተር ሲነሳም መለካት አለበት። ያኔ ከ9.6 ቮልት በታች ከወረደ፣ ሞተሪኖውን ከመፍታት በፊት ባትሪው ይጣራ።

ከሁሉም በላይ የምርመራ ዋጋ አስቀድማችሁ ተስማሙ፣ ምንም ዕቃ ባይቀየርም ክፈሉ። ሐኪም መርፌ ስላልወጋን የካርድ አይመልስልንም። «ምንም መቀየር አያስፈልግም» የሚል መካኒክም የልፋቱን ማግኘት አለበት።